ተዘግቶ በቆየ ቤት ውስጥ የተሰባበረ የቤት ዕቃ፦ ከውጭ አገር ሆነው እንዴት ያስወጡታል?

አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየምዎን ለማከራየት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚያስቸግርዎት ዕቃው ነው፤ እግሩ የተሰበረ ሶፋ፣ በሩ የወለቀ ቁምሳጥን፣ መሃሉ የሰመጠ ፍራሽ። ዘመድዎን «ዝም ብለህ አውጥተህ ጣለው» ማለት ችግሩን እሱ ላይ መጫን ነው። የሰፈሩ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች የሚወስዱት በማዳበሪያ የታሰረ የቤት ቆሻሻ እንጂ ሶፋ አይደለም። መንገድ ዳር ወይም ወንዝ ውስጥ ቢጣል ደግሞ ያስቀጣል፤ የሚያዘውም እዚያ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ አስቀድመው በቪዲዮ ይዩት፣ በቀን ብርሃን። ሪያድ ላሉ ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ዋሽንግተን ላሉ ግን በሐምሌና በነሐሴ አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲል እነሱ ጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ቅዳሜ ለሁለቱም ይመቻል። እያንዳንዱ ዕቃ ከግድግዳው ተስቦ ጀርባውና እግሩ ይታይ፤ ማን እንደሚወስደው የሚወስነው የተሠራበት ነገር ነውና።

ዋንዛ ወይም ዝግባ ከሆነ አይጣል። እንዲህ ያለ ወንበር ወይም ጠረጴዛ የሚወላገደው አብዛኛውን ጊዜ ኮላው ደርቆ መጋጠሚያው ስለላላ ነው። አናጺ አሮጌውን ኮላ ፍቆ፣ አዲስ ቀብቶ፣ በገመድ አጥብቆ ለ24 ሰዓት ካቆየው ይድናል። ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎችና ከሥራቸው እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ካዩ ግን ነቀዝ ገብቶበታል፤ ወደ ዘመድ ቤት አይሂድ።

ቺፑድ፣ ማለትም ከእንጨት ፍርፋሪና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ፣ ሌላ ነገር ነው። ወለል ሲታጠብ እግሩ ውሃ የነካው ቁምሳጥን ከታች እንደ ረጠበ ዳቦ ያብጣል፤ ሲደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ብሎኑ በጣት ይነቀላል፣ ሌላ ቢመቱበትም አይይዝም። ለእንዲህ ያለው የእድሳት ገንዘብ አይላኩ። ማጠፊያውን፣ እጀታውን፣ የልብስ መስቀያ ብረቱንና መስታወቱን አስፈትተው ያስቀሩ። ጥበቃው «ለማገዶ ስጡኝ» ካለ እምቢ ማለት ለእሱው ማሰብ ነው፤ ሰሌዳው የተጣበቀበት ሙጫ ሲነድ ጭሱ ይጎዳል። የስፖንጅ ጭስማ ከዚያም የባሰ መርዝ ነው።

ሶፋ ላይ ቀላል ፈተና አለ። አንዱን የፊት እግር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስነሱ፤ ሌላው የፊት እግር አብሮ ካልተነሳ አጽሙ ተሰብሯል ወይም ላልቷል። አጽሙ ደህና ከሆነ ጨርቅና ስፖንጅ ማስቀየር ያዋጣል። ፍራሽ ከሆነ የስፌቱ እጥፋት ተገልጦ ይታይ፤ ጥቁር ነጠብጣብ የትኋን ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ፍራሽ ለማንም አይሰጥም፤ ደረጃ ላይ ሳይወጣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ በላስቲክ ይጠቅለል፣ አለበለዚያ ለጎረቤት ይተርፋል።

የብረት አልጋ፣ ሞላና የተሰበረ የላስቲክ ወንበር ቆራሌው ይገዛል። ብረቱ ከእንጨቱ ተለይቶ በኪሎ ሲመዘን ከጥቅል ዋጋ ይሻላል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሌላው የጣለውን ጠግኖ የሚጠቀም ሰው አለ።

ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት የላቸውም፤ ብዙ ቁምሳጥን ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ስለተገጣጠመ በበሩ አይወጣም። ሁለት ሰው፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና መዶሻ ያስፈልጋል። መሳቢያዎቹና በሮቹ ይውጡ፣ ከዚያ ቁምሳጥኑ ይተኛ፣ የጀርባው ኮምፔንሳቶ የሚነቀለው ከተኛ በኋላ ነው። ቀጥ አድርጎ የያዘው ያ ጀርባ ስለሆነ፣ ቆሞ ሳለ ከተነቀለ ወደ ጎን ተንዶ ሰው ላይ ይወድቃል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አይዘለል። መሳቢያዎቹ ሙሉ በሙሉ ተስበው ይገልበጡ፤ ወረቀት ከኋላቸው ይወድቃል። የቤት ካርታና ውል፣ የባንክ ደብተር፣ የእናት አባት ፎቶ ብዙ ጊዜ ከመደርደሪያው ንጣፍ ወይም ከፍራሽ ሥር ነው የሚገኘው። ቤቱ የወላጆች ከሆነና ውርሱ ካልተጣራ የእያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ ለወንድም እህት ሁሉ ይላኩ፤ በጽሑፍ ካልተስማሙ አንድ ወንበርም አይነካ። አሮጌ ሶፋ በመቶ ብር ሄደ ተብሎ ለዓመታት የተኳረፈ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

ወኪልዎ ያረጀ ዕቃ ለመሸጥ ብቻ ከሆነ በኤምባሲ የተፈረመ ውክልና ማንም አይጠይቀውም። ለቤቱ ጉዳይ ውክልና መላክዎ ካልቀረ ግን «ተንቀሳቃሽ ንብረትን» የሚለው ቃል እንዲገባበት ያድርጉ። ጥበቃው ያለ መውጫ ወረቀት ዕቃ አያሳልፍም፤ ዝርዝሩ ለነዋሪዎች ማኅበሩ ቀድሞ ይድረስ።

ዋጋ ሲነጋገሩ መፍታት፣ ማውረድ፣ መጫን፣ ማጓጓዝና ማራገፍ ሁሉም በአንድ ሒሳብ ይካተቱ። «መጫን» ብቻ ተብሎ ከተተወ በር ላይ ሌላ ጫኝና አውራጅ ሌላ ክፍያ ይጠይቃል። የሚቀረውን ቺፑድና ስፖንጅ የት እንደሚራገፍ የወረዳውን ጽዳት ጽሕፈት ቤት ያስጠይቁ። ረጲ ያለው ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ቀብሯል፤ ወደዚህ ዓይነት ክምር የሚሄደውን ማሳነስ የእኛም ድርሻ ነው። ግማሹን ክፍያ ሥራው ሲጀመር፣ ግማሹን ባዶው ክፍልና የተራገፈበት ቦታ በቪዲዮ ከታየ በኋላ በቴሌብር እንዲከፈል ያድርጉ።