ጎንደር ላይ የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም ኤሲ ስትገዙና ስታስገጥሙ

ጎንደር ውስጥ ፍሪጅና ኤሲ መሥራት እንጀራዬ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚመጣው ደንበኛ «ቤቴ ነደደ» ይላል፤ ከኅዳር እስከ ጥር የሚመጣው ደግሞ «የሌሊቱ ብርድ አላስተኛ አለኝ» ይላል። ለሁለቱም የምመልሰው አንድ ነው፦ ሁለቱንም የሚሠራ አንድ ማሽን አለ። ሂት ፓምፕ ይባላል፤ ሱቅ ስትገቡ ግን የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም ኤሲ ብላችሁ ጠይቁ።

ነገሩን አጥብቄ የምናገረው በከሰል ምክንያት ነው። ታህሳስ ሲገባ የነደደ ማንደጃ መኝታ ቤት ይገባል፣ በሩም መስኮቱም ይዘጋል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድለዋል። ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ይህን ሳይ ዝም ማለት አልችልም። አቅም ያለው ሰው ለብርዱ የሚያወጣውን ገንዘብ በደንብ በተገጠመ ማሽን ላይ ቢያውለው ደስ ይለኛል። ማሽኑ ግን ከውጭ ንጹህ አየር እንደማያስገባ እወቁ። ኤሲ አለን ብላችሁ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ብታነዱ አደጋው ያው ነው፤ ቡና ሲፈላም መስኮት ይከፈት።

አዘዞ ያሉ አንዲት እናት «አንተ ልጅ፣ ውጭው እንዲህ እየበረደ ሙቀቱን ከየት ያመጣዋል?» ብለው ጠየቁኝ። እጃቸውን ይዤ ፍሪጃቸው ጎን ላይ አስነካኋቸው፤ ይሞቃል። «እማማ፣ ውስጥ ያለው ሥጋ በረዶ ሆኗል፤ ይህ ሙቀት ከየት መጣ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ከሥጋው ነዋ!» አሉ። አዎ፣ ከሥጋው ነው፤ ኮምፕሬሰሩ የሚበላው መብራትም ሙቀት ሆኖ ተጨምሮበታል። ሂት ፓምፕም አንዱ ውስጥ አንዱ ውጭ የሚቀመጥ ሁለት ክፍል አለው፤ በመካከላቸው በቧንቧ የሚዞረው ጋዝ ውጭ ካለው አየር ሙቀት ይለቅምና ወደ ቤት ያስገባል። ለእኛ ቀዝቃዛ የሆነ የ8 ወይም የ10 ዲግሪ አየር ለጋዙ ገና ሙቅ ነው፣ ምክንያቱም ጋዙ ውጭኛው ማሽን ውስጥ ከዚያ በታች ቀዝቅዞ ነው የሚዞረው። የሙቀቱ ወራት ሲመጣ ውስጡ ያለ ቫልቭ የጋዙን መንገድ ይገለብጠዋል፤ ያኔ ሙቀቱን ከቤት አውጥቶ ይጥላል።

የጎንደር ብርድ ለዚህ ማሽን የተመቸ ነው። ከዜሮ በታች ለሚወርድ አገር የተሠራ ነገር እዚህ የሌሊት 10 ዲግሪ አያስቸግረውም። የኅዳርና የታህሳስ አየር ደረቅ በመሆኑም ውጭኛው ክፍል ላይ በረዶ እምብዛም አይጋገርም። እንዲህ ባለ ሌሊት ደህና ማሽን 1 ኪሎ ዋት መብራት በልቶ 3 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። በሽቦ የሚሞቀው ሂተር ግን 1 በልቶ ከ1 በላይ መስጠት አይችልም። የቆጣሪያችሁን ሂሳብ የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ሚያዝያ ቀትር ላይ ከላይ ይጋገራል፣ ታህሳስ ሌሊት ላይ ደግሞ ሙቀቱን ሁሉ ለሰማይ ያስረክባል። እዚያ ቤት ውስጥ የፈለገውን ያህል ትልቅ ማሽን ብትሰቅሉ ገንዘባችሁ በጣሪያ ይወጣል። አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ የተወጠረበት ኮርኒስ አቧራ ይይዛል እንጂ ሙቀት አይይዝም። ቺፑድ ይሻላል፤ ከላዩ ፎም ቢነጠፍበት ደግሞ ለውጡን በመጀመሪያው ሌሊት ታዩታላችሁ። የበር ሥር ክፍተትና የመስኮት ዳር ዳርም ይደፈን። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያላቸው የፒያሳ አካባቢ የድሮ ቤቶች ቀን የወሰዱትን ሙቀት እስከ ማታ ይይዛሉ፤ አዲሱ የብሎኬት ቤት እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ጎረቤቴ የገዛውን ስጠኝ አትበሉ፤ ቤታችሁን አሳዩኝ።

የማሽኑ መጠን በቢቲዩ ይጻፋል፤ ቢቲዩ የማቀዝቀዝና የማሞቅ አቅም መለኪያ ነው። 9000 ቢቲዩ 2.6 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፣ 12000 ደግሞ 3.5። አራት በአራት የሆነ፣ ኮርኒስ ያለው መኝታ ቤት 9000 ይበቃዋል። ለሳሎን 12000፤ ሰፊና መስኮቱ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ 18000። እዚህ ላይ ሻጭ የማያነሳው አንድ ነገር አለ፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ነው። አየራችን ከወደብ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ጎንደር ላይ ሙሉ በሙሉ አታገኙትም። ሂሳቡ 9000 ጫፍ ላይ ከደረሰ 12000 ውሰዱ። ከዚያ በላይ ግን አታብዙት፤ ከልክ በላይ የተገዛ ማሽን ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ ኮምፕሬሰሩን ይጎዳል።

ሱቅ ውስጥ ውጭኛው ማሽን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። የማቀዝቀዝ አቅምና የማሞቅ አቅም ለየብቻ በቁጥር ተጽፈው ካላያችሁ ማቀዝቀዝ ብቻ ነው የሚችለው። ሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት መኖሩን አትመኑ፤ አንዱን ሪሞት ለብዙ ዓይነት ማሽን ያወጡታል። ለመተማና ለሁመራ ሰው ማቀዝቀዙ ብቻ ይበቃው ይሆናል፤ ለእኛ አይበቃም። ኢንቨርተር የሚል ይሁን፤ ኢንቨርተር የሞተሩን ፍጥነት እንደ ክፍሉ ፍላጎት ዝቅና ከፍ ያደርጋል፣ ሲነሳም መብራቱን አይጎትትም። ጋዙ አር 32 ወይም አር 410 ኤ ይሁን። አር 22 የሚል ካያችሁ እለፉት፤ ኦዞንን ስለሚጎዳ ዓለም እየተወው ያለ ጋዝ ነው። ከማርካው ይልቅ እኔ የምጠይቀው ቦርዱና ማራገቢያ ሞተሩ ሲበላሽ መለዋወጫ እዚሁ ወይም ባሕር ዳር ይገኛል ወይ የሚለውን ነው።

ቦታውን ገጣሚው ከመምጣቱ በፊት አስቡበት። ውስጠኛው ክፍል ከኮርኒሱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ነፋሱም አልጋው ላይ በቀጥታ አይውረድ። የጭቃ ቤት ከሆነ የመስቀያው ብረት ከጭቃው ጋር ሳይሆን ከቋሚው እንጨት ጋር ይያያዝ። ውጭኛውን ግን ጭቃ ግድግዳ ላይ ፈጽሞ አትስቀሉ፤ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ሲሠራም ይንቀጠቀጣል። መሬት ላይ ከፍ ያለ የሲሚንቶ መደብ ሥሩለት። ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸር አይይዝም፤ ቡሎኑ ግድግዳውን አልፎ ከወዲያ በኩል በብረት ሳህን ይታሰር።

ለሌባ ብላችሁ ብየዳ ቤት ፍርግርግ ማሠራታችሁ ጥሩ ነው፤ በላሜራ መሸፈን ግን ማሽኑን ማፈን ነው። ከኋላው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊቱ ደግሞ ሁለት ሜትር ያህል ክፍት ይሁንለት። ለክረምቱ በረዶ ከላዩ ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ ይበቃዋል፣ ራቅ ብሎ ይሠራ እንጂ። የምጣድ ጭስ ከሚወጣበት አርቁት። ኪራይ ቤት ከሆናችሁ ግድግዳ ለመብሳት ባለቤቱን በጽሑፍ አስማሙ፤ ስትለቁ ጋዙን ወደ ውጭኛው ክፍል ሰብስቦ መፍታት ይቻላል፣ ማሽኑ የእናንተ ነው።

መብራቱን በተመለከተ፣ ዲቫይደር ላይ መሰካት የለም። ከቆጣሪው ሳጥን የራሱ 2.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ ይጎተትለት፣ የራሱ 16 አምፒር ብሬከር ይኑረው፣ ኧርዝ ይግባለት። ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ከእሱ ጋር አንድ መስመር አይጋሩ። ማታ ማታ ቮልቴጁ የሚወርድበት ሰፈር ከሆናችሁ ለማሽኑ ጉልበት የሚመጥን ስታቢላይዘር ወይም መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያበራ የቮልቴጅ መጠበቂያ አስገቡ። ለፍሪጅ የሚሸጠው ትንሹ አይችለውም። መብረቅ ሲበዛ ብሬከሩን አውርዱት።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ማሽኑ አሥር ዓመት መሥራቱም በሁለተኛው ዓመት መሞቱም የሚወሰነው ገጣሚው ቧንቧውን ባገናኘበት ሰዓት ነው፤ አጠገቡ ቁሙ። የመዳብ ቧንቧው በመጋዝ ሳይሆን በቧንቧ መቁረጫ ይቆረጥ። የውስጡ ሻካራ ጠርዝ ሲጠረግ የቧንቧው አፍ ወደ መሬት ይዙር፣ ብናኙ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ አፉ ፍሌሪንግ በሚባለው መሣሪያ እንደ ጡሩንባ ይከፈታል። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ዙሪያው እኩል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጭረትም ስንጥቅም የሌለው መሆን አለበት። ስንጥቅ ካያችሁ «እንደገና ይቆረጥ» በሉ፤ ጥሩ ባለሙያ አይቀየምም። ሲጠበቅም በሁለት ቁልፍ ነው፣ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያዞራል።

ቀጥሎ ቫኪዩም፣ ማለትም ቧንቧው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ መምጠጥ። አንዳንዱ ገጣሚ ፓምፕ አይዝም፤ ጋዙን ትንሽ ለቅቆ አየሩን በጋዙ ይገፋና «አለቀ» ይላል። ይህን አትቀበሉ። ቧንቧው ውስጥ የሚቀረው እርጥበት ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ጋር ሲቀላቀል አሲድ ይሆንና የሞተሩን ሽቦ ይበላዋል። አር 32 ደግሞ እሳት ሊይዝ የሚችል ጋዝ ስለሆነ እንዲህ ሲለቀቅ አጠገቡ ሲጋራም ከሰልም ካለ አደጋ ነው። ፓምፑ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሥራ።

ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፉ የጌጁ (የግፊት መለኪያው) መርፌ እስከ −1 ባር ወይም 30 ኢንች ድረስ ይውረድ ይላል፤ ያ ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። ጎንደር ላይ የአየሩ ግፊት ራሱ 0.78 ባር ገደማ ነው፣ ስለዚህ መርፌው 23 ኢንች አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በታች የሚወርድበት የለውም። ፓምፑ ሞቷል ብላችሁ ፓምፕ አትግዙ፣ በሌለበት ቦታም ሊክ (የሚያፈስ ቀዳዳ) አትፈልጉ። ዲጂታል የቫኪዩም ጌጅ ያለው ከ500 ማይክሮን በታች ያውርደው፤ እሱ ከፍታ አያሳስተውም። ከዚያ ፓምፑን ዘግታችሁ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ መርፌው ከተነሳ ሊክ ወይም እርጥበት አለ ማለት ነው። በዚሁ ምክንያት ጋዝ ስትጨምሩ በግፊት አትመሩ፤ ጌጃችን ከባሕር ወለሉ በ3 ፒኤስአይ ገደማ ከፍ አድርጎ ያነባል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ግራም በሚዛን አስገቡ። ባለቤቶችም ይህን ያዙልኝ፦ ጋዝ አያልቅም። በየዓመቱ «ጋዝ ይሞላ» የሚላችሁ ሰው የሚያፈሰውን ቦታ ሳይሠራ ነው ገንዘብ የሚቀበላችሁ።

ቫልቮቹ ተከፍተው ጋዙ ከገባ በኋላ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈተሹ። የውሃ መውረጃው ቱቦ በሜትር ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ፤ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሳችሁ ሲወርድ እዩ። ሲያሞቅ ውሃው የሚንጠባጠበው ከውጭኛው ክፍል ስለሆነ ከሥሩ የሚያልፍ ሰው እንዳይኖር። ክፍያውን ከመጨረሳችሁ በፊት ማቀዝቀዙንም ማሞቁንም በዚያው ቀን አስሞክሩ። ሲያቀዘቅዝ በሚገባውና በሚወጣው አየር መካከል 10 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይጠበቃል፤ ሲያሞቅ የሚወጣው 35 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት።

ለብርድ 20 ወይም 21 ላይ አድርጉና ክንፉን ወደ ታች አዙሩት፣ ሙቀት ወደ ላይ ነውና የሚሄደው፤ ለሙቀቱ ወራት 25 ላይ ክንፉን ወደ ላይ። ኢንቨርተር ከሆነ በየሰዓቱ እያጠፋችሁ አታብሩት። ማጣሪያውን በበጋው አቧራ በየሁለት ሳምንቱ በውሃ እጠቡት፣ ጥላ ላይ ይድረቅ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በረዶ በጣለ ማግስት ውጭኛውን ክፍል ዞራችሁ እዩት። የታጠፈው ስስ ብረት በማበጠሪያ ይቃናል፤ የዘይት እርጥበት የነካው ቦታ ካያችሁ ግን ጋዝ እየወጣ ነው፤ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ።