4,294,967,297፦ ትልቅ ቁጥር ስንመረምር የምንሳሳትባቸው ነገሮች

32 ሁለቶችን አባዙና 1 ጨምሩ። 4,294,967,297 ይመጣል። ጥያቄው አጭር ነው፦ ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ አለው? ትልልቅ ቁጥሮችን መመርመር ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም።

በትንንሾቹ ሞክሮ መተው። በ7 ስለሚያልቅ በ2ም በ5ም አይካፈልም። አሃዞቹ ሲደመሩ 59 ስለሚሆኑ በ3 አይካፈልም። በ7፣ በ11፣ በ13ም እምቢ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ "በቃ፣ ብቸኛ ነው" ይላል። ገና ነው።

ከጥቂት ምሳሌ ሕግ ማውጣት። በዚህ የተሳሳተው ፌርማን የሚያክል የሂሳብ ሊቅ ነው። 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንጨምር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 እናገኛለን። አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ፌርማም እ.ኤ.አ. በ1640 የሚቀጥሉትም ሁሉ እንዲሁ ይሆናሉ ብሎ አመነ። ስድስተኛው የኛው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1732 ሌላው የሂሳብ ሊቅ ኦይለር ሰበረው፦ 641 × 6,700,417።

በጭፍን መሞከር። አካፋይ ፍለጋ እስከ ቁጥሩ ግማሽ ድረስ የሚሄዱ አሉ። ድካም ነው። ስኩዌር ሩቱ ከ65,536 በጥቂቱ ነው የሚበልጠው፤ እስከዚያ አካፋይ ካልተገኘ፣ የለም ማለት ነው። ግን እዚያ ድረስም 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ቁጥሩ እንዴት እንደተሠራ ያየ ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ኦይለር እንዳረጋገጠው፣ የዚህ ቁጥር አካፋይ የሆነ ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር በ64 ሲካፈል የግድ 1 ይቀረዋል። ስለዚህ 65፣ 129፣ 193 እያላችሁ በ64 ጨምሩ፤ ብቸኛ ያልሆኑትን ዝለሉ። የሚቀሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አምስተኛው ላይ ተያዘ! ወረቀት አውጥታችሁ ራሳችሁ አካፍሉት፤ ቀሪው ዜሮ ሲሆን ማየት ደስ ይላል።

አንድ ፈተና ማመን። የታወቀ ፈጣን ፈተና አለ። ብዛታቸው ከቁጥሩ በአንድ የሚያንስ ሁለቶችን አባዝታችሁ ለቁጥሩ ስታካፍሉ ከ1 ሌላ ቀሪ ከመጣ፣ ብቸኛ አይደለም። ችግሩ 1 ሲቀር ነው። የኛ ቁጥር ብቸኛ ሳይሆን ይህን ፈተና ያልፋል። በ2 ፈንታ 3 ብትጠቀሙ ግን ወዲያው ይጋለጣል። ስለዚህ በ2 ብቻ ፈትኖ መፍረድ አያዋጣም።

ኮምፒውተሩ አይሳሳትም ማለት። 32 ቢት ውስጥ (ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚይዝ የኮምፒውተር ቦታ ነው) የሚገባው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው። የኛ ቁጥር እዚያ ሲገባ ይዞርና 1 ሆኖ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ እንኳ አይመጣም። 64 ቢት ይበቃዋል? ለማስቀመጥ አዎ። ከላይ ያለውን ፈተና ስትሠሩ ግን መሐል ላይ 4,294,967,296ን በራሱ ማባዛት ይመጣል፤ ውጤቱ 64 ቢትን በአንድ ያልፍና ዜሮ ይሆናል። እንዲህ ላለው ሥራ 128 ቢት፣ ወይም የሙሉ ቁጥር ገደብ የሌለውን የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተንን ተጠቀሙ።