«ና» ሲባል መምጣት፦ ከውሻ ጋር የሚደረግ የአንድ ወር የጸሎት ልምምድ

«ውሻ» በአገራችን ስድብ ነው። መጽሐፈ ጦቢትን የሚያነብ ሰው ግን ጦቢያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲጀምር ውሻው አብሯቸው እንደ ሄደ ያገኛል። ምን እንደ ሠራ አልተጻፈም፤ መከተሉ ብቻ ተጽፏል። ልምምዱም የሚጀምረው ከመከተል ነው።

ሐዋሳ ውስጥ ፀሐዩ ሳይከር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይውጡ። ውሻው የዓመቱን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደ፣ ማሰሪያውም ሜትር ተኩል ያህል ይሁን። ስልክዎን ቤት ይተዉት። የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ የሆነው አሞራ ገደል አካባቢ አይመረጥም፤ የዓሣው ሽታና አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ባሉበት ውሻ የጌታውን ድምፅ አይሰማም። ጸጥ ያለ የውስጥ መንገድ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃ ምንም ሳይናገሩ ውሻው ስንት ጊዜ ዞር ብሎ እንደሚያይዎት ይቁጠሩ። በቀጣዮቹ 5 ደቂቃዎች ዞር ባለ ቁጥር በልብዎ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ» ወይም «ጌታ ሆይ» ይበሉ። በዚህ መንገድ ጸሎቱን ራሱ ውሻው ያስታውስዎታል።

ዋናው ነገር ግን ጥሪው ነው። ግቢ ውስጥ ውሻውን 5 ሜትር በሚሆን ገመድ ይያዙት። ስሙንና «ና»ን (ለሴቷ «ነይ») አንድ ጊዜ ብቻ ይጥሩ። ሲደርስ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል የተቀቀለ ሥጋ ወዲያው፣ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ይስጡት። 8 ጊዜ ያህል ደጋግመው ያቁሙ። አምስት ጊዜ ተከታትሎ መጥራት ቃሉን ጫጫታ ያደርገዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጫማ የበላውን ውሻ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጠርቶ ይመታዋል። ውሻው ስለ ጫማው የተማረው ነገር የለም፤ የተማረው ወደ ጌታው መምጣት እንደሚያሳምም ነው። ጆሮውን አጥፎ አንገቱን መድፋቱም ንስሐ አይደለም፤ የቁጣ ድምፅዎን መፍራቱ ነው። በማግስቱ ሲጠሩት አጥር ሥር ቆሞ ያይዎታል።

ሰውም በወደቀበት ሳምንት ከጸሎት ይርቃል፤ «መጀመሪያ ልስተካከል» ይላል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው አባት ግን ልጁ ገና ሩቅ ሳለ ሮጦ አቀፈው። ስለዚህ በወደቁበት ቀን ጸሎቱን ያሳጥሩ እንጂ አይዝለሉት፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ አንድ ደቂቃ። የንስሐ አባት ያለው ሰው ሳምንቱ ሳያልፍ ይንገራቸው። ውሻው አጥፍቶ ሲመጣም ሥጋውን አይከልክሉት።

በሦስተኛው ሳምንት ሥጋውን ከሦስት ጊዜ አንዴ ብቻ ይስጡ። በደንብ የለመደ ውሻ ባዶ እጅ እያየም ይመጣል። ጸሎት ሳይጣፍጥ ሲቀር የሚያስፈልገው ይኸው ነው። መምጣቱን ካቆመ ሽልማቱን ቶሎ ቀንሰውበታል ማለት ነውና ወደ ኋላ ይመለሱ።

ምግቡ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት ይሁን፤ ሳህኑን ከማስቀመጥዎ በፊት መዝሙር 145፥15ን ያንብቡ። የወጥ ትራፊ አይስጡ፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፣ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከነናዊቷ ሴት የጠቀሰችው ፍርፋሪ የእንጀራ እንጂ የዶሮ ወጥ አልነበረም! በሁዳዴ 55 ቀናት ሉካንዳ ሲዘጋ ውሻው አብሮ እንዲጾም የሚያደርጉ ቤቶች አሉ። እንቁላልና ሩዝ ቢቀቅሉለት የእርስዎ ጾም አይፈርስም፤ የሚበላው እሱ ነው። ምሳሌ 12፥10ም «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ይላል።

ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የሚውል ውሻ ይህን ሁሉ አያስተምርም። እሱ የሚያውቀው ምግብ አምጪን ነው። ቢያንስ ጠዋትና ማታ ይፈቱት። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ግን ቤት ይቅር፤ ቅጥሩ ውስጥ ውሻ አይገባም።

አራተኛው ሳምንት የምሽት ነው። ከእራት በኋላ ይፍቱትና በረንዳ ላይ ይቀመጡ። አይጥሩት፣ ምግብም አይያዙ። ብዙውን ጊዜ መጥቶ እግርዎ ሥር ይተኛል። ያኔ 5 ደቂቃ ምንም ሳይለምኑ በእግዚአብሔር ፊት ዝም ይበሉ። የጎረቤት ድመት አይቶ ተነሥቶ ከሮጠ ይሂድ፤ እርስዎ ግን 5ቱን ደቂቃ ይጨርሱ።