ዓይን ሳይቀላ እይታ ሲደበዝዝ

ዩቪያይትስ ያለባችሁ፣ ማለትም የዓይናችሁ ውስጥ እየተቆጣ የሚያስቸግራችሁ፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ቁጣው አንዳንዴ ወደ ኋላ ዘልቆ የሬቲናን፣ ማለትም ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ የደም ሥሮች ይይዛል። ደም የሚያመጣውን ደም ቅዳ ሲይዝ ነገሩ ይከፋል፤ ቧንቧው ከተዘጋ ያ የሬቲና ክፍል ደም ያጣል፣ የሞተው ደግሞ አይመለስም። የሚያናድደው ብዙ ጊዜ አያምም፣ ዓይንም ላይቀላ ይችላል።

ስለዚህ ቤታችሁ ፈትሹ። አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍኑና ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እዩ፣ ከዚያ በሌላው። በሁለቱም አንድ ላይ ካያችሁ ጤነኛው የታመመውን ይሸፍንለታል። ቁጥር ከጠፋ፣ መስመር ከጎበጠ፣ ወይም እንደ ትንኝ የሚንሳፈፍ ጥቁር ነገር በድንገት ከበዛ፣ ነገ ሳትሉ የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ፋርማሲ ገብቶ «የዓይን ጠብታ ስጠኝ» ማለት እዚህ ላይ አያዋጣም፤ ጠብታው ሬቲና ድረስ በበቂ አይዘልቅም።

ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚደረግ ለሰዓታት እይታ ይደበዝዛል፣ መኪና መንዳት የለም። ክንድ ላይ ቢጫ ቀለም ተወግቶ የሬቲና ፎቶ ሊነሣም ይችላል። በኋላ ሽንታችሁ ብርቱካናማ ሲሆን «ጉበቴ ነው» ብላችሁ አትደንግጡ፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል።

ዋናው ነገር መንስኤው ነው። ቲቢ፣ ቂጥኝ፣ ቶክሶፕላዝማ (ከጥሬ ሥጋም የሚይዝ ጥገኛ ተሕዋስ)፣ የአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ፣ ወይም ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት እንደ ሉፐስ ያለ በሽታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን ሳታፍሩ ንገሩት፦ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባችሁ ከሆነ፣ አፍ ወይም ብልት ላይ የሚመላለስ ቁስል ካለ፣ መገጣጠሚያ የሚያማችሁ ከሆነ፣ ጥሬ ሥጋ የምትወዱ ከሆነም (መቼም ማን ይጠላል)። የቂጥኝ ምርመራ ቢታዘዝም አትቀየሙ፣ ማንም ላይ የሚታዘዝ ነው።

ቤት የተረፈ ፕሬድኒሶሎን፣ ማለትም ቁጣን የሚያበርደው የስቴሮይድ መድኃኒት፣ ካለ እንዳትነኩት። መንስኤው ቫይረስ ከሆነ፣ ያለ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ብቻውን ሲወሰድ ሬቲናውን ያስበላል። ሐኪም ሲያዝላችሁ ግን ጠዋት ከምግብ ጋር ውሰዱት፤ ስኳር ካለባችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ከፍ ያደርገዋልና። እይታው ጠራ ብላችሁም በራሳችሁ አታቋርጡ፤ መጠኑ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ በሐኪሙ ትእዛዝ ነው።