በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራ አስፈሪ ጌም ከመግዛትዎ በፊት የተጫዋቾችን አስተያየት እንዴት ማንበብ እንደሚቻል

ብዙ ገንዘብ የሚፈስባቸው ጌሞች ገበያ ላይ ከመዋላቸው ከወራት በፊት ማስታወቂያቸው በየቦታው ስለሚለቀቅ፣ ገዢው ምን እንደሚጠብቀው በግምትም ቢሆን ያውቃል። ሁለትና ሦስት ሰዎች ተሰባስበው በጥቂት ገንዘብ የሚሠሯቸው፣ ተጫዋቹ በጨለማ ውስጥ በጥቂት ስንቅና መሣሪያ ነፍሱን ለማትረፍ የሚታገልባቸው፣ ሰርቫይቫል ሆረር በመባል የሚታወቁት ጌሞች ግን እንዲህ ያለ ዕድል የላቸውም። ስለዚህ ገዢው በእጁ የሚያገኘው ዋና ማስረጃ ቀድመው የተጫወቱት ሰዎች የጻፉት አስተያየት ነው። እኔ ይህን አስተያየት የማነበው እንደ ምስክር ቃል ነው፤ ምስክር ሲቀርብ ደግሞ በቅድሚያ የሚጠየቀው የት ቆሞ፣ መቼ፣ ምን እንዳየ ነው። እርስዎም ካርድዎን ከማውጣትዎ በፊት እነዚህኑ ጥያቄዎች እንዲያነሱ እመክራለሁ።

ለማሳያ እንዲሆነን ዳርክውድ የተባለውን ጌም እንውሰድ። ዋና አባላቱ ሦስት የሆኑት አሲድ ዊዛርድ ስቱዲዮ የተባለው የፖላንድ ቡድን ይህን ጌም የጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ ሲሆን፣ በ2014 ሥራው ሳያልቅ ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌሞች የኢንተርኔት መደብር ላይ መሸጥ ጀምሮ፣ የተጠናቀቀውን ሥሪት በነሐሴ 2017 አወጣ። ከላይ ወደ ታች የሚታይ ነው፤ ቀን ጫካውን እያሰሱ ሳንቃ፣ ምስማርና ቤንዚን ይሰበስባሉ፣ ሌሊት ደግሞ መጠለያዎ ውስጥ ተዘግተው እስኪነጋ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ጌም የሚሰጠው አስተያየት ብዙ፣ ስሜት የተሞላበትና እርስ በርሱ የሚጋጭ በመሆኑ ለልምምድ የተመቸ ነው።

ሲጀምሩ በስቲም የጌሙ ገጽ ላይ የተጻፈውን መቶኛ እንደ ፈተና ውጤት አይቁጠሩት። በስቲም ላይ አስተያየት ሰጪው የሚመርጠው አውራ ጣትን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ ነው። ስለዚህ 90 በመቶ ማለት ከ100 ሰዎች 90ዎቹ ጌሙን ለሌላ ሰው ጠቁመዋል ማለት እንጂ ጌሙ ከ100 ዘጠና አግኝቷል ማለት አይደለም። አስፈሪ ጌምን የሚገዛው ሰው አስቀድሞ አስፈሪ ጌም የሚወድ ስለሆነ፣ እነዚያ 90 ሰዎች የእርስዎ ጣዕም ያላቸው መሆኑን ቁጥሩ አይነግርዎትም። እንደዚሁም በ20 ሰው አስተያየት ላይ የቆመ መቶኛና በ10,000 ሰው ላይ የቆመው እኩል አይታዩም፤ በትንሹ ቁጥር ውስጥ የሠሪዎቹ ጓደኞች ድምፅ ሚዛን ሊደፋ ይችላል። ስቲም ይህን ለመቀነስ ከ2016 ጀምሮ ከሌላ ቦታ በተገኘ ቁልፍ፣ ማለትም ጌሙን በሚከፍት ኮድ፣ የተከፈቱ ቅጂዎች ባለቤቶች የሚሰጡትን ድምፅ ከጠቅላላው ውጤት ውጭ አድርጎታል፤ ጽሑፋቸው ግን አሁንም ይነበባል፣ ጌሙን በነፃ ያገኘ ሰውም ይህንኑ የሚገልጽ ምልክት ከጽሑፉ ጋር ሊታይ ይችላል። ያንን ምልክት መፈለግ ጊዜ አይወስድም።

ቀጥሎ የሚታየው ቀን ነው። ዳርክውድ ሳያልቅ በተሸጠባቸው ሦስት ዓመታት የተጻፉት አስተያየቶች እስከ ዛሬ እዚያው አሉ፤ ሳያልቅ በነበረበት ጊዜ የተጻፉ መሆናቸውን የሚያሳይ ጽሑፍም ከላያቸው አለ። በ2015 አንድ ሰው ታሪኩ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል ብሎ ቢያማርር በጊዜው እውነቱን ነበር፣ ለዛሬ ገዢ ግን ያ ቅሬታ ያለፈበት ነው። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፦ ሳያልቅ የተወደሰ ጌም ሠሪዎቹ ጥለውት ሄደው ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከጠቅላላው ውጤት ጎን ያለውን የቅርብ ጊዜ ውጤት ይመልከቱ፣ ሁለቱ በጣም ከተራራቁም በመካከላቸው ምን እንደተለወጠ የሚያስረዳ አስተያየት ይፈልጉ።

ከእያንዳንዱ አስተያየት ጋር ጸሐፊው ስንት ሰዓት እንደተጫወተ ተጽፎ ይገኛል። ዳርክውድን እስከ መጨረሻው መጫወት ከ20 ሰዓት በላይ ስለሚፈልግ፣ በ40 ደቂቃ የተጻፈ ውዳሴ የሚመሰክረው ስለ መግቢያው ብቻ ነው። በሌላ በኩል በሁለት ሰዓት የሚያልቅ ትንሽ ጌም ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምስክርነት ነው፤ መመዘኛው የጌሙ ርዝመት ነው። አንድ ልዩ ሁኔታ ግን መዘንጋት የለበትም። የዳርክውድ ሠሪዎች ጌሙ በወጣበት በዚያው ነሐሴ፣ መግዛት ለማይችሉ ሰዎች ሲሉ ራሳቸው ሙሉውን ጌም በቶረንት፣ ማለትም ሰዎች በኢንተርኔት ፋይል እርስ በርስ በሚቀባበሉበት መንገድ፣ በነፃ ለቀቁት። ምክንያታቸውን ሲገልጹ፣ ወላጆቹ በወሩ መጨረሻ የካርድ ሒሳቡን አይተው እንዳይጨነቁ ገንዘቡ እንዲመለስለት የጠየቃቸውን ተጫዋች አንሥተዋል። ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ ለአስተያየት አንባቢም የሚጠቅም ነገር አለው። በቶረንት ተጫውቶ የጨረሰ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ለሠሪዎቹ ብሎ ቢገዛው፣ በስቲም ላይ የሚመዘገብለት ሰዓት እፍኝ አይሞላም። ስለዚህ ሰዓቱ ትንሽ ሆኖ ዝርዝሩ የጠለቀ ጽሑፍ ሲያገኙ አይጣሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በአስፈሪ ጌም ላይ የሚቀርብ ቅሬታ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንደኛው እውነተኛ ጉድለት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሠሪዎቹ አውቀው ያደረጉት ነገር ለተጫዋቹ አለመስማማቱ። ስለ ዳርክውድ ደጋግመው የሚነሡት ቅሬታዎች ካርታው ያሉበትን ቦታ በየእርምጃው አለማሳየቱ፣ መምታት ጊዜ የሚወስድ መሆኑ፣ ትንሽ ሮጥ ሲሉ መድከም፣ ቦርሳው ቶሎ መሙላቱና ሲሞቱ ዕቃ መጣሉ ናቸው። እነዚህን በሌላ ዓይነት ጌም ላይ ብናገኛቸው ጉድለት እንላቸው ነበር። እዚህ ግን ፍርሃቱ የቆመባቸው ምሰሶዎች እነርሱ ናቸው፤ አቅጣጫውን የሚያውቅና ከፈለገ ሮጦ የሚያመልጥ ሰው ጫካውን አይፈራም።

ይህን የተረዳሁት በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ጄኔሬተሩን በቤንዚን ሞልቼ፣ መስኮቶቹን በሳንቃ ዘግቼ፣ ቁም ሣጥኑን ገፍቼ በሩ ላይ አስጠግቼ፣ ምስማር የተመታበት ሳንቃ ይዤ ጥግ ላይ ቆምኩ። በዚህ ጌም የሚንቀሳቀስ ፍጡር የሚታየው ፊትዎን ባዞሩበት አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፣ መስኮቱን ስጠብቅ ጀርባዬ ባዶ ነበር። ከኋላዬ ቁም ሣጥኑ ወለሉን እየፋቀ ሲንሸራተት ሰማሁ። ዞሬ ሳይ ቁም ሣጥኑ ከቦታው ፈቀቅ ብሏል፣ በሩ ገርበብ ብሎ ተከፍቷል፣ በበሩ ግን ማንም አልነበረም። ማንም አልገባም፣ ማንም አልጮኸም፤ እኔ ግን እስኪነጋ ከዚያች ጥግ አልተነቃነቅኩም። ቀደም ሲል ካነበብኳቸው አስተያየቶች አንዱ፣ ሌሊቱ ምንም የማይደረግበት አሰልቺ ጥበቃ ነው የሚል ነበር። ያ ሰው አልዋሸም፤ እኔንም እርሱንም ያገኘን ያው ጥበቃ ነው።

ስለዚህ አንድ ቅሬታ ሲያነቡ ፍርዱን ይተዉና ከሥሩ ያለውን ድርጊት ያውጡ። «አሰልቺ ነው» ከሚለው ውስጥ «ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ መጠበቅ አለበት» የሚለውን፣ «ግራ ያጋባል» ከሚለው ውስጥ «ወዴት እንደሚኬድ አይነግርም» የሚለውን ለይተው ከጻፉ በኋላ፣ እርስዎ ይህን ይወዱ እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ። ውዳሴውንም እንዲሁ ያድርጉ፦ «ከባቢው ድንቅ ነው» የሚለው ቃል ድምፁን፣ ብርሃኑን ወይም ታሪኩን ለይቶ ካልጠራ እንደ ማስረጃ አይያዙት። እኔ ከሁሉም በላይ የምጠቀመው፣ ብዙ ሰዓት ተጫውተው አውራ ጣታቸውን ወደ ታች ካደረጉ ሰዎች ጽሑፍ ነው። ጌሙን ያውቁታል፣ ወደውትም ነበር፣ የት ላይ እንደተቀየሙም መናገር ይችላሉ። የማይተዋወቁ አምስት ሰዎች አንዱን ቦታ ወይም አንዱን ምዕራፍ ለይተው ካነሡ ነገሩ ከጣዕም አልፏል ማለት ነው።

የቴክኒክ ቅሬታን ለብቻ ያንብቡት፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ጣዕም የለም። ጌሙ በራሱ ይዘጋል፣ ሴቭ፣ ማለትም የደረሱበትን ደረጃ የሚያስቀምጠው መዝገብ፣ ይጠፋል፣ ምስሉ ይቆራረጣል የሚሉትን ሲያገኙ፣ ጸሐፊው የኮምፒውተሩን ራምና የግራፊክስ ካርድ ገልጾ እንደሆነ ይፈልጉ፤ ከገለጸም ከራስዎ ላፕቶፕ ጋር ያስተያዩት። ግራፊክሱ ቀላል የሚመስል ጌም ሁሉ ለአቅመ ደካማ ላፕቶፕ ቀላል ነው ብለው አያስቡ፤ በጥቂት ሰው የተሠራ ጌም ብዙ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ስለማይሞከር አንዳንዴ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። የመብራት መቆራረጥ ባለበት የሚጫወት ሰው ደግሞ ሴቭ የሚደረገው መቼና የት እንደሆነ የሚያስረዳ አስተያየት እስኪያገኝ መፈለግ ይገባዋል።

በቀልድ የተሞሉትን አጫጭር አስተያየቶች በፍጥነት ይለፏቸው። የፈራ ሰው ፍርሃቱን በቀልድ መሸፈኑ ያለ ነገር ነው፣ ሌሎችም እያሳቃቸው ወደ ላይ ይገፉታል፤ ጌሙ ምን እንደሆነ ግን አይነግሩዎትም። የታሪኩን ፍጻሜ የሚገልጡትንም ይሽሹ፤ ጨዋ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ክፍል በጥቁር ይሸፍነዋል፣ ያንን አይክፈቱት።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ የመጨረሻው ፈተና በእጅዎ ነው። ስቲም ከተገዛ 14 ቀን ያላለፈውንና ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወቱትን ጌም ገንዘብ ይመልሳል። እኔ በአንድ ወቅት የአንድ ትንሽ ጌም መቶኛ ብቻ አይቼ ገዝቼ፣ ማስተካከያውን ስነካካና መግቢያውን ስመለከት ሁለት ሰዓቱ አልፎ፣ በማይከፈት በር ፊት ለፊት ቀርቻለሁ። በብር የማይሸጥ ዕቃ በመሆኑ፣ ከውጭ ዘመድ ለምኖ ወይም በዶላር የሚከፍል ካርድ ተውሶ ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን ሰዓት አስቀድመው ይደልድሉ፦ ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት በጆሮ ማዳመጫ ይቀመጡ፣ በማስተካከያው ላይ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይቆዩ፣ በዳርክውድ ከሆነ የመጀመሪያውን ሌሊት እስኪያዩ ድረስ ይግፉ፣ ከአስተያየቶቹ የለቀሟቸውን ሦስት አራት ድርጊቶች በጽሑፍ ከፊትዎ አስቀምጠው ያመሳክሩ፣ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሲሞላም ጌሙን ዘግተው ይወስኑ።

ከወደዱትም ከጠሉትም የራስዎን አስተያየት ይጻፉ፤ ማስታወቂያ የማይገዛ ቡድን የሚተዳደረው በዚህ ነው። ሲጽፉ ስንት ሰዓት ላይና የትኛው ቦታ ላይ እንደደረሱ፣ በምን ዓይነት ኮምፒውተር እንደተጫወቱ፣ ያስፈራዎት ወይም ያስመረረዎት አንድ ቅጽበት ምን እንደነበረ፣ ቢቻል እንደ ቁም ሣጥኑ ያለ በዓይን የሚታይ ነገር ይዘው፣ ፍጻሜውን ሳይነኩ በአራትና በአምስት ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ። ጌሙ በኋላ ተሻሽሎ ቅሬታዎ ከተፈታም ተመልሰው ጽሑፉን ያስተካክሉ፤ ስቲም አውራ ጣቱንም ጽሑፉንም ለመቀየር ይፈቅዳል።