ዳይሱ አልደርቅ ሲል፦ የሬዚን ዳይስ ችግርና መፍትሄ

ሬዚን ገዝታችሁ፣ ሞልድ (የሲሊከን ቅርጽ ማውጫ) አግኝታችሁ፣ የመጀመሪያውን ዳይስ (ለጨዋታ የሚወረወረውን ባለቁጥር ጠጠር) ካፈሰሳችሁ በኋላ «ምን ሆኖብኝ ነው?» ለምትሉ ነው የምጽፈው። ጓንት ማድረግ፣ መስኮት መክፈት፣ ጠረጴዛ ላይ ላስቲክ ማንጠፍ ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ። የማወራው ስለ ኢፖክሲ ሬዚን ነው፤ ኤ (ሬዚኑ) እና ቢ (ማጠንከሪያው) ተቀላቅለው ስለሚጠነክሩበት። ከዲ4 (ባለ 4 ገጽ) እስከ ዲ20 (ባለ 20 ገጽ) ያለውን ሰባት ዳይስ ለመሙላት 35 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። ትንሽ ነው። ጣጣው ሁሉ የሚመጣውም ከዚሁ ከትንሽነቱ ነው።

ሰው የሚጠይቀኝ ስለ አየር አረፋ ነው። ዳይሱን ተቀብዬ በጥፍሬ ስጫነው ግን ይሰረጉዳል። አረፋውን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ይድረቅ።

ለስላሳ ነው፣ ይተጣጠፋል፣ ይጣበቃል

ሁሉም ልስላሴ አንድ አይደለም። ከመጣላችሁ በፊት በጣታችሁ መርምሩት።

ዳይሱ ከላይ እስከ ታች እንደ ማስቲካ ከሆነ ወይ ልኬቱ ተበላሽቷል፣ ወይ በርዶታል። መለየቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ የቀላቀላችሁበትን ኩባያ እዩ። ኩባያው ውስጥ የተረፈው ድንጋይ ሆኖ ዳይሱ ብቻ ከለሰለሰ ጥፋቱ የብርድ ነው። ሬዚን ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ኩባያ ውስጥ አንድ ላይ የተጠራቀመው ሙቀቱን ይይዛል፤ ለየብቻው ሞልድ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ዳይስ ግን ወዲያው ይቀዘቅዛል። ኩባያውም ዳይሱም እኩል ከለሰለሱ ልኬቱን ጠርጥሩ። እርግጠኛ ለመሆን ዳይሱን ከሞልዱ ሳታወጡ 30 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቦታ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት። ከጠነከረ ብርድ ነበር። ካልጠነከረ ልኬት ነው፣ እሱ ደግሞ አይድንም። ከላይ ማጠንከሪያ መለቅለቅ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ትርፉ ድካም ነው። ጣሉትና ሞልዱን በአልኮል ጠርጉት።

*ልኬት።* ደጋግሜ የማየው ይሄንን ነው። ሰው ለሬዚኑ በሺዎች ያወጣል፣ ከዚያ በኩሽና ሚዛን ይለካዋል። የኩሽና ሚዛን በ1 ግራም እየዘለለ ነው የሚቆጥረው። ለበርበሬ ይሆናል። ለዳይስ ግን አስቡት፦ በክብደት ሁለት ለአንድ የሚቀላቀል ሬዚን 40 ግራም ስታዘጋጁ ማጠንከሪያው 13 ግራም ገደማ ነው። በ13 ግራም ላይ 1 ግራም መሳት ከ7 በመቶ በላይ መሳት ነው። ከዚያ «ሬዚኑ ፎርጅድ ነው» ይባላል። በ0.01 ግራም የሚቆጥር ትንሽ የኪስ ሚዛን ግዙ፤ ወርቅ የሚመዝኑበትን ዓይነት። ስትጀምሩ አንድ ሳንቲም ላዩ ላይ አስቀምጡ፣ አንሱት፣ እንደገና አስቀምጡት። ቁጥሩ ከተለያየ ባትሪውን ቀይሩ ወይም ሚዛኑን ደልደል ያለ ቦታ ላይ አድርጉ።

ሁለተኛው በሽታ ክብደትንና ይዘትን ማምታታት ነው። አንድ የኮዬ ፈጬ ልጅ ደወለልኝ።

«ብሮ፣ አንድ ለአንድ ነው የሚለው። ሃያ ግራም በሃያ ግራም አደረግኩ። ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ አሁንም ይተጣጠፋል።»

«ጠርሙሱን አዙረህ አንብብልኝ» አልኩት።

«አንድ ለአንድ፣ ባይ ቮልዩም» አለኝ። ከዚያ ዝም አለ።

ባይ ቮልዩም ማለት በይዘት ነው፤ በሚሊ ሊትር። የኤ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ከቢው ይከብዳል። ግራሙን እኩል ስታደርጉት ማጠንከሪያው ከሚገባው በላይ ይበዛል። በይዘት የሚለካ ከሆነ ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ግዙ፤ አንዱን ለኤ፣ አንዱን ለቢ። ምልክት አድርጉባቸው። ሲሪንጆቹን ካቀያየራችኋቸው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይበላሻል።

ሦስተኛው ከጋራዥ የመጣ ነው። ላሜራና ቀለም ቤት አካባቢ ያደገ ሰው ፋይበር ግላስ ያውቃል። እዚያ ያለው ሬዚን ፖሊስተር ነው። ማጠንከሪያው በጠብታ ነው የሚገባው፤ ጠብታ ስትጨምር ቶሎ ይደርቃል። ይህን ዕውቀት ይዞ ኢፖክሲ ላይ የመጣ ሰው «እንዲፈጥንልኝ ትንሽ ቢ ጨመርኩበት» ይላል። ኢፖክሲ አይፈጥንም! ኤ እና ቢ እርስ በርስ ተያይዘው ነው የሚጠነክሩት። የተረፈው ቢ የሚይዘው ኤ አጥቶ እንዳለ ይቀመጣል፣ ዳይሱንም ያለሰልሰዋል። ለማፍጠን ሙቀት እንጂ ማጠንከሪያ አትጨምሩ።

በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ሬዚንም አለ። በማርከር «ኤ» እና «ቢ» ተጽፎበት፣ ጽሑፉ በግማሽ ተፋፍቆ። ልኬቱን ሻጩን ስትጠይቁት «ዝም ብለህ እኩል አድርገው» ይላል። እኔ አልነካውም። ልኬቱ ያልተጻፈበትን ሬዚን ማንም ሊያድንላችሁ አይችልም።

*ብርድ።* መሃል ከተማ ያለ ሰው ይህን ችግር እንደ እኛ አያየውም። በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በየካ አባዶ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ብዙው ኢፖክሲ የሚፈልገው ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ነው። ማታ አፍስሳችሁ ሲሚንቶ ወለል ላይ ካሳደራችሁት ጠዋት የምታገኙት ያው ፈሳሽ ነው።

መፍትሄው ማሞቂያ ሳጥን ነው። የቆየ የበረዶ ሳጥን ወይም ወፍራም ካርቶን ውሰዱ። በዳር በኩል የጫጩት ማሞቂያ አምፖል አስገቡ። ኤልኢዲ አምፖል አይሆንም፣ አያሞቅም። አምፖሉ ካርቶኑንም ሞልዱንም እንዳይነካ በሽቦ እሰሩት። ቴርሞሜትር ሞልዱ አጠገብ አድርጉና 30 ዲግሪ ላይ ያዙት። ካርቶን ይቀጣጠላል፤ አምፖሉን አብርታችሁ ከቤት አትውጡ። መብራት ከሄደ ሳጥኑን አትክፈቱ። አምፖሉን ከሶኬቱ ነቅላችሁ፣ እስኪበርድ ጠብቃችሁ ሳጥኑን ጋቢ አልብሱት። ሬዚኑ መያዝ ከጀመረ ሙቀቱ ለጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። አምፖሉን መልሳችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ግን ጋቢውን አንሱ።

ከሰል አይሆንም። ክፍሉን ለማሞቅ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ ሬዚን ሲያፈስ ያገኘሁት ሰው አለ። የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፤ ይህ የማንከራከርበት ነው። ከዚያ ባለፈ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከእርጥበት ጋር ሆኖ ማጠንከሪያውን ያበላሸዋል። ዳይሱ ላይ ቅባት የመሰለ ሽፋን ይወጣል።

ያ ሽፋን በክረምትም ያለ ከሰል ይመጣል። ዳይሱ ከውስጥ ጠንክሮ ላዩ ብቻ ቅባት ቅባት ካለ ያ ነው። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና እጠቡት፣ ይለቃል። ሳታጥቡት በብርጭቆ ወረቀት ከሞረዳችሁት ግን ወረቀቱን ይደፍነዋል።

ብርድ ጠርሙሱ ውስጥም ይገባል። ኤው ደፈርሶ ወይም ነጭ ፍርፋሪ ይዞ ካገኛችሁት አልተበላሸም። 50 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ክዳኑን ዘግታችሁ አቁሙት፣ ጥርት እስኪል። ቀዝቀዝ ሲል ተጠቀሙበት።

*ጠንካራ ነው፣ እዚህም እዚያም ይጣበቃል።* አልተማሰለም። የኩባያውን ጥግና ታች በእንጨቱ እየፋቃችሁ ሦስት አራት ደቂቃ አማስሉ። ከዚያ ወደ ሌላ ንጹህ ኩባያ ገልብጡና እንደገና አማስሉ። የመጀመሪያውን ኩባያ ግድግዳ ፍቃችሁ ሞልድ ውስጥ አትጨምሩ። ለአንድ ዲ4 የምትሆን ሬዚን ለመቆጠብ ሲባል ሙሉ ስብስብ ይበላሻል።

*ቀለም ሲበዛ።* ቀለሙ ከጠቅላላው ክብደት ከ5 በመቶ አይለፍ። የውሃ ቀለምና አክሪሊክ እርጥበት ስላላቸው ያደፈርሳሉ፣ ያለሰልሳሉ። የአልኮል ቀለም በጠብታ ይበቃል።

አረፋና ቀዳዳ

አሁን ወደ አረፋው። ቀስ ብላችሁ አማስሉ፣ ሬዚኑን ለብ አድርጉት፣ በቀጭኑ አፍስሱ። ይህ ግማሹን ይቀንሳል። ቀሪውን የሚያጠፋው ግፊት ነው። ሞልዱን በኮምፕሬሰር አየር የሚሞላ ግፊት ቻይ ታንክ ውስጥ አስገብቶ 40 ፒኤስአይ፣ ማለትም 2.8 ባር ገደማ፣ ላይ ማድረቅ። አረፋው አይወጣም፤ ዓይን እስከማያየው ድረስ ይጨመቃል። ስለዚህ ሬዚኑ እስኪጠነክር ግፊቱ መቆየት አለበት። ማታ 40 የነበረው ጠዋት 15 ከሆነ አረፋው ተመልሶ አብጧል። በሳሙና ውሃ መገጣጠሚያዎቹን ቀቡ፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ነው የሚያፈሰው። ቴፍሎን ጠቅልሉበት። ርካሽ ታንክ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው በጌጁ (በግፊት መለኪያው) ሥር ነው።

ኮምፕሬሰር የሌለው አንድ ወዳጄ ታንኩን በባጃጅ ጭኖ ጎሚስታ ቤት ወሰደው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ግን በኮብልስቶን መንገድ ሬዚኑ ተናውጦ ከሞልዱ ወጣ፣ ወረፋ ሲጠብቅ ደግሞ መያዝ ጀመረ። የብዙ ሬዚን የሥራ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ነው። ቤት ውስጥ የሚሰካ የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር፣ ትንሿም ብትሆን፣ ከጎሚስታ ትሻላለች።

ታንኩ የተፈቀደለትን ግፊት ገላው ላይ አንብቡ፣ ከዚያ አትለፉ። ግፊቱ ዜሮ ሳይሆን ክዳኑን አትፍቱ። የወጥ ፕሬዠር ኩከር በፍጹም አይሆንም! የተሠራው ለ1 ባር ገደማ ግፊት ነው። 2.8 ባር ስትሞሉበት ክዳኑ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ሬዚን የገባበት ድስት ደግሞ ተመልሶ ሽሮ አይሠራበትም።

ቫኪዩም (አየር መምጠጫ ፓምፕ) ሞልድ የሚሠራበትን ሲሊከን ከአረፋ ለማጥራት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ደህና ፓምፕ ይመልሳል። መመሪያው ላይ «29 ኢንች ሜርኩሪ ድረስ ይሂድ» ይላል፣ ጌጁ 22 ከግማሽ ላይ ይቆማል። ፓምፑ አልተበላሸም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ራሱ የሚመዝነው 22 ከግማሽ ኢንች ገደማ ነው። ከሌለ አየር በላይ ማውጣት አይቻልም። ወደ እንጦጦ ከፍ ስትሉ ቁጥሩ ይበልጥ ያንሳል።

ዳይሱ ላይ ቀዳዳ ሳይሆን ትናንሽ እብጠት ከወጣ ጥፋቱ የሞልዱ ነው። ሞልዱ ሲሠራ አየር ውስጡ ቀርቷል፤ ግፊት ሲያገኝ ያ አየር ይጨመቅና ሲሊከኑ ይጎደጉዳል፣ ሬዚኑ እዚያ ይገባል። ያንን ሞልድ ያለ ግፊት ብቻ ተጠቀሙበት፣ ወይም አዲሱን ሲሊከን ራሱን በግፊት ውስጥ አድርቁ።

ከላይ ያለው ገጽ ላይ ሁልጊዜ ጉድጓድ ካለ አፉ ድረስ አልሞላችሁም። ጉብ እንዲል ሙሉና የሞልዱን ክዳን ከአንድ ጎን ጀምራችሁ አስተኙት፣ አየሩ በሌላው በኩል ይውጣ። ግን ክዳኑ ላይ ከባድ ነገር አትጫኑ፤ ዲ20ው ይጣመማል።

ሲሊከኑ ራሱ አልደርቅ ካለ

ፕላቲነም ሲሊከን ድኝ ይጠላል። ላቴክስ ጓንት፣ ድኝ ያለው ሸክላ ጭቃ፣ በደንብ ያልደረቀ የሶስት አቅጣጫ ማተሚያ ሬዚን፣ ሁሉም ያስቆሙታል። ናይትራይል ጓንት አድርጉ። ቆርቆሮ ያለበት ርካሹ ሲሊከን ይህ ችግር የለበትም፣ ግን እየቆየ ይኮማተራል።

ማለስለስና ቁጥር

ዳይሱ ከደበዘዘ የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ዘላችኋል። ከ600 ወደ 1000፣ ከዚያ 2000፣ ከዚያ 3000፣ ሁሉንም በውሃ። የመኪና ቀለም ዕቃ የሚሸጡበት ሱቅ ታገኙታላችሁ። ወረቀቱን መስታወት ላይ አንጥፉና ዳይሱን እናንተ አንቀሳቅሱት፤ በእጅ ይዛችሁ ከሞረዳችሁ ጠርዙ ይከበባል። በደረቁ አትሞርዱ፣ አቧራው ሳንባ ይገባል።

ዲ20ው አንድ ቁጥር ብቻ የሚያወጣ ከመሰላችሁ ጨው በብዛት የሟሟበት ውሃ ላይ አንሳፉት። በጣታችሁ አሽከርክሩት። ሁልጊዜ ያው ቁጥር ወደ ላይ ከተመለሰ በዚያ በኩል የተደበቀ አረፋ አለ።

ኩባያ ውስጥ የተረፈ ብዙ ሬዚን ይግላል፣ አልፎ አልፎም ይጨሳል። ፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትክተቱት፤ ደጅ አፈር ላይ አስቀምጡት።

ቁጥሩ ውስጥ ቀለም አልይዝ ካለ የሞረዳችሁበት ዝቃጭ አለበት። በጥርስ ብሩሽና በሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት፣ አክሪሊክ ቀቡበት፣ ከደረቀ በኋላ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ቁጥሩ ራሱ ጥልቀት ከሌለው ግን በመሞረድ ጨርሳችሁታል፤ በሚቀጥለው ከ1000 ጀምሩ።