የሚነቀስና የማይነካ፦ ሰውነት ውስጥ ባዕድ ነገር ሲገባ

ክረምት ሲመጣ ደሴ ላይ በለስ በየመንገዱ ዳር ይቸረቸራል። ሻጩ ልጦ ሲሰጣችሁ ደስ ይላል። እኔ ግን አንዴ "ራሴ እልጠዋለሁ" ብዬ ጣቶቼን በእሾህ አስወረርኩ። አያቴ "አብሽር" ብላ ከአንገቷ ገመድ ላይ ወረንጦዋን ፈታች።

የበለስ እሾህ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። እጃችሁን አታሹት፣ በአፋችሁም አትምጠጡት፤ ምላስ ላይ ይተከላል። ፕላስተር ለጠፍ አድርጋችሁ ብትልጡት ብዙውን ይዞት ይነሳል። የቀረውን በወረንጦ ልቀሙት።

የግራር እሾህ ወይም የእንጨት ስንጥር ከሆነ ረጋ ማለት ይጠይቃል። እጃችሁንም የተወጋውንም ቦታ በሳሙና ታጠቡ። ወረንጦና መርፌውን በአልኮል ጥረጉ፤ አልኮል ከሌለ በውሃ ቀቅሏቸው። ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀመጡ። ጫፉ ከታየ ከቆዳው አጠገብ ያዙትና በገባበት አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ከተሸሸገ፣ በላዩ ያለችውን ስስ ቆዳ ብቻ በመርፌ ከፈት አድርጉለት። አትጭመቁት፣ ውስጥ ይሰበራል። "እሾህን በእሾህ" ለተረት ያምራል፤ ለእግር ንጹህ መርፌ ይሻላል።

ሲወጣ ደግማችሁ ታጠቡ። ጥልቅ ከሆነ፣ ወይም ካበጠና መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምስማር ወይም አፈር የነካው እሾህ ከወጋችሁ ደግሞ መንጋጋ ቆልፍን አስቡ። ጥፋቱ የዝገቱ አይደለም፤ አፈርና ፍግ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ነው። ክትባቱን ከወሰዳችሁ 5 ዓመት ካለፈ ባለሙያውን ጠይቁት።

ዓይን ሌላ ጉዳይ ነው። አቧራ ብቻ ከሆነ ሳታሹት በንጹህ ውሃ እጠቡት፤ ይወጣል። ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ግራይንደር ሲሽከረከር የፈናጠረው ብረት ግን እንዲህ አይደለም። "ና በምላሴ ላውጣልህ" የሚል ወዳጅ አይጠፋም፤ አመስግኑትና እለፉት። በክብሪት እንጨት መጫርም አይሆንም። ብረቱ በሰዓታት ውስጥ ዓይን ላይ መዛግ ይጀምራል። ዓይኑን ሳትጫኑ በንጹህ ኩባያ ነገር ከልሉትና ሂዱ። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው።

ልጆች ደግሞ ሽንብራውን ለጆሮና ለአፍንጫ ያበድራሉ። ጆሮ ውስጥ ሽንብራ ካለ ውሃ አትጨምሩ፤ ያብጣል። በጣትም አትጎርጉሩ፤ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። አፍንጫ ከሆነ፣ ነፃውን ቀዳዳ በጣታችሁ ዝጉና አፋችሁን በልጁ አፍ ገጥማችሁ አንዴ እፍ በሉ። ብዙ ጊዜ ተወርውሮ ይወጣል። ካልወጣ ለሐኪም ተዉት።

ክብ የሰዓት ባትሪ ከሆነ ግን፣ ተውጦም ይሁን አፍንጫ ገብቶ፣ "እስቲ እንየው" አይባልም። በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋ ያቃጥላል። ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

ቢላ ወይም ፌሮ የተሰካበት ሰው ካጋጠማችሁ አትንቀሉት። የተሰካው ራሱ ደሙን እንደ ውታፍ ይዞት ሊሆን ይችላል። በግራና በቀኙ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እንዳይነቃነቅ ደግፉት፣ ደም ካለ ዙሪያውን ተጫኑ፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።